ድሮ ጋራዥ የነበረ ግቢ ገዝቼ መሰረት ሳስቆፍር አፈሩም ውሃውም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ምን ይሻለኛል? (ጅማ)

የጂረን_ልጅ
ሰላም ናችሁ ጅማዎች። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። አምና ወደ ቦዬ መውረጃ ገባ ብሎ አንድ ግቢ ገዛሁ። ሻጩ «ድሮ መጋዘን ነበረ» ነው ያለኝ፣ ጎረቤት ስጠይቅ ግን መጋዘን ምናምን ሳይሆን ለብዙ አመት የጭነት መኪና ጋራዥ ነበር፣ ዘይት የሚቀየርበት፣ ባትሪ የሚሞላበት፣ የራሱ ነዳጅ መቅጃም ነበረው አሉኝ። ካርታ ላይ እንዲህ አይነት ነገር አይጻፍ መቼም፣ ሳልጠይቅ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት መሰረት ማስቆፈር ጀመርን። ከላይ ግማሽ ሜትር የሚሆነው ሰሌክት ተሞልቶበታል፣ እሱ ምንም አይልም። ከዛ በታች ግን ያ የምናውቀው ቀይ አፈር ቀይ አይደለም፣ ወደ አመድማ አረንጓዴ ሄዷል፣ ስትፈረክሰው ያብለጨልጫል፣ ሽታው ራቅ ብለህ ቆመህም አፍንጫህን ይሰነፍጥሃል። ከቆፋሪዎቹ አንዱ አዞረኝ ብሎ ወጣ። ሁለት ሜትር ሳንሞላ ውሃ መጣ፣ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል።

ከአጥሬ 15 ሜትር ቢሆን ነው የጎረቤቴ የጉድጓድ ውሃ አለ። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ለልብስና ለእቃ ነው የሚጠቀሙበት፣ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ግን ለወጥም ለቡናም ይቀዳል። ውሃቸው ላምባ ላምባ እንደሚል ያውቃሉ፣ «ጀሪካኑ ነው» እያሉ ስንት ጀሪካን ቀያየሩ መሰላችሁ።

ኮንትራክተሩ ሁለት ሲኖትራክ እንጥራና አፈሩን እናውጣው፣ ሰሌክት እንሙላ አለቀ ይላል። አፈሩን የት ትደፋዋለህ ስለው ወደ ቦዬ ረግረጉ ጋ አለኝ። ልክ ነው?

ዶማና_አካፋ
ወንድሜ አታካብድ። እኔ በዚ ስራ 14 አመቴ ነው፣ ድሮ ማደያ የነበረ ቦታ ላይም ህንጻ አቁሜአለሁ። መጥፎ አፈር ታወጣለህ፣ ጥሩ አፈር ትሞላለህ፣ ትጠቀጥቃለህ። ሽታው ኮንክሪቱ ሲሞላ ይጠፋል። ክረምቱ ሳይገባብህ ቶሎ በል፣ ጅማ ዝናብ ከጀመረ ጉድጓድህ ኩሬ ነው ሚሆነው ያኔ ታለቅሳለህ።

ፈቲያ_ከቦሳ
አረ በአላህ! ቦዬ ልትደፉት? ከብት የሚግጥበት እኮ ነው። ደሞ አዌቱ ወንዝ ቦዬን አልፎ ነው ግልገል ጊቤ የሚገባው፣ ግድቡ ድረስ። ከግቢህ አውጥተህ ሰው ግቢ መጣል ጽዳት አይባልም ወንድሜ።

ዶማና_አካፋ
እህቴ ሁለት መኪና አፈር ጊቤ ድረስ አይደርስም ተረጋጊ

ውሃ_ሰው
የጅማ ልጅ ነኝ፣ አሁን አዲስ አበባ ነው ምሰራው፣ ስራዬ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የጂረን ልጅ፣ መጀመሪያ ቁፋሮውን አቁም። ክረምቱን ትተህ ስለ ሰዎቹ ነው ምልህ። የነዳጅ ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ አዞረኝ ያለው ልጅ እድለኛ ነው መውጣቱ። ሲጋራ፣ ጀነሬተር፣ ብየዳ በአጠገቡ አይድረስ። ውሃውን በፓምፕ ላሟጠው እንዳትል፣ እሱን እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ ለጎረቤትህ ዛሬ ሄደህ ንገራቸው፣ ውሃውን ለምግብም ለመጠጥም ለገላም ያቁሙ። ማነው ያፍላዋ እንደሚል አውቃለሁ፣ ቆይ።

ሶስተኛ ምን እንደፈሰሰ ሳታውቅ መፍትሄ አትፈልግ። ናፍጣና ቤንዚን አንድ አይደሉም። ናፍጣ ከባድ ነው፣ ቶሎ አይተንም፣ ባክቴሪያ ግን ቀስ ብሎ ይበላዋል። ቤንዚን ውስጥ ደግሞ ቤንዘን የሚባል ኬሚካል አለ (ስማቸው ተመሳስሎ ሰው ያምታታል፣ እኔ ነዳጁን ቤንዚን ኬሚካሉን ቤንዘን ልበለው)፣ እሱ ውሃ ውስጥ በደንብ ይሟሟል፣ ከውሃው ጋርም ይጓዛል፣ የደም ካንሰር ያመጣል። የአለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ወሰኑ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማሳየት የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት አንድ ጋሎን ቤንዚን አንድ ሚሊዮን ጋሎን ውሃ ሊያበላሽ ይችላል ይላል።

አሁን በነጻ ምታደርገው ነገር ልንገርህ። ግልጽ የሆነ ሃይላንድ ውሰድ፣ ታች ጠጠር ክተትበት፣ በገመድ አስረህ ቀስ አድርገህ ወደ ጎረቤትህ ጉድጓድ አውርደው፣ አፉ ልክ የውሃው ፊት ላይ ሲደርስ ይሙላ። አውጥተህ ዝም ብለህ አስቀምጠው። ነዳጅ ከውሃ ይቀላል፣ ከላይ ይሰፍራል። ስስ ልባስ ነው ወይስ ጣት የሚያህል? መልስልኝ።

አፈሩ ለምን አመድማ ሆነ ላላችሁ፣ የጅማ አፈር ቀይ የሆነው ብረት ስላለበት ነው። ነዳጅ ሚበሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያልቅባቸው በብረቱ ይተነፍሳሉ፣ ያኔ ቀዩ ቀለም ይጠፋል። ስለዚ አፈሩ ራሱ ነገሩ ዛሬ እንዳልጀመረ እየነገረህ ነው።

ቡናዬ_በጨው
ያደግንበት ውሃ እኮ ነው ምታወሩት። እኛ ቤት ጉድጓድ ነበር አጠገቡ ሽንት ቤት ነበር ምንም አልሆንም። አፍሉት፣ ከፈራችሁ ውሃ አጋር ጨምሩበት። ነዳጁንም ተፈጥሮ ራሷ ታጸዳዋለች፣ ባክቴሪያ ይበላዋል እያልክ አይደል አንተው?

ውሃ_ሰው
ይኸው መጣ😂 ውሃ አጋር ክሎሪን ነው፣ ጀርም ነው ሚገድለው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ችግር ጀርም ነው፣ ስታፈላው ይሞታል። ቤንዘን ጀርም አይደለም ምን ይሙት። ስታፈላው ከፊሉ ይተናል አዎ፣ የት የሚሄድ ይመስልሃል? ማእድ ቤት ውስጥ ማሰሮው ላይ ጎንበስ ያለችው ሴት ሳንባ ውስጥ። እርሳስ ካለበት ደሞ ጭራሽ አይተንም፣ ውሃው ባነሰ ቁጥር እሱ እየወፈረ ነው ሚሄደው።

ተፈጥሮ ታጸዳዋለች ያልከው ግማሹ እውነት ነው፣ እሱን አልክድህም። አሜሪካ ሚኒሶታ ቤሚጂ የሚባል ቦታ በ1979 (አመቶቹን በፈረንጅ ነው ምጠራው) የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ፈሰሰ። ከ1983 ጀምሮ ሳይንቲስቶች እንደ ላብራቶሪ እያጠኑት ነው። ያገኙት ነገር፣ ባክቴሪያዎቹ ውሃ ውስጥ የሟሟውን እየበሉ ብዙ እንዳይስፋፋ ይዘውታል። ግን ከ40 አመት በላይ ቆይቶም ዘይቱ እዛው መሬት ውስጥ አለ። ያ ጫካ ነው፣ እዚ ግን 15 ሜትር ላይ ቡና ሚፈላበት ቤት አለ። ስለዚ መጀመሪያ ምንጩን ታወጣለህ፣ የተረፈውን ለተፈጥሮ ትተዋለህ፣ እየለካህ።

ሲያትል_ያለው_ጅሜ
እዚ አሜሪካ እኮ ትልቅ ፓምፕ ተክለው ውሃውን እያወጡ በከሰል አጣርተው ይመልሱታል። ለምን እንደዛ አይደረግም?

ውሃ_ሰው
ወንድሜ እዛውም ቢሆን ተሞክሮ ብዙ ቦታ አላለቀም። በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት 77 ቦታ አይቶ ግቡን የመታው 8 ብቻ ነበር። ጭቃ አፈር ነዳጁን እንደ ስፖንጅ ይይዘዋል፣ ፓምፑ ሲሰራ ንጹህ ይመስላል፣ ስታጠፋው ቀስ ብሎ ተመልሶ ይለቀዋል። የጅማ አፈር ደግሞ ጭቃነቱን እናውቀዋለን፣ ጫማ የተወ ያውቃል። ከዛ በላይ ፓምፕ ውሃውን ወደራሱ ይስባል፣ የተሳሳተ ቦታ ከተከልከው ነዳጁን ጎትተህ ንጹህ ወደነበረው ታመጣዋለህ።

የጂረን_ልጅ
ይሄን ሳነብ ቀዘቀዝኩ። እማማ (ጎረቤቴን ማለቴ ነው) ስጠይቃቸው ምን አሉ መሰላችሁ፣ ሽታው የባሰው የዛሬ አመት በጋ ብሎኬት ሚሰሩ ልጆች ከሳቸው ጉድጓድ በፓምፕ ለሁለት ወር ሲቀዱ ነው። ከዛ በፊት ለሽታ እንኳን አፍንጫ ይፈልግ ነበር አሉኝ።

ሃይላንዱንም አደረግኩት። የሳቸው ጉድጓድ ላይ ስስ ልባስ ብቻ። የኔ ቁፋሮ ውስጥ ግን ሁለት ጣት ሙሉ፣ ቀላ ያለ ቡናማ። ልጄ ጠላ መስሏት ነበር።

ናሙናም አዲስ አበባ ላክሁ፣ በዛው በሃይላንድ ግማሽ ሞልቼ።

ውሃ_ሰው
ፓምፑ ነው የሳበው፣ በቃ ግልጽ ነው። ናሙናውን ግን ጣለው። ግማሽ በሞላ ፕላስቲክ ከተላከ ቤንዘኑ ከላይ ባለው ክፍት ቦታ ይተንና ላብራቶሪው (ላቡ) «ንጹህ ነው» ይልሃል፣ ከዛ ሰው በወረቀቱ ተማምኖ ይጠጣል። ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ፣ እስከ አፉ ሞልተህ አንድ አረፋ እንዳይቀር ገልብጠህ አይተህ፣ በረዶ ባለበት ሳጥን በዛው ቀን። ብልቃጡን ላቡ ራሱ ይሰጥሃል። እርሳስ ይለካልኝ በላቸው ደሞ፣ ባትሪ ሚሞላበት ነበር ስላልክ። ድሮ ቤንዚን ራሱ እርሳስ ነበረበት፣ ከሰሃራ በታች ያለ አፍሪካ የተላቀቀው ገና 2006 መግቢያ ላይ ነው።

ፈቲያ_ከቦሳ
እርሳስ አፈር ላይ ብቻ ቢሆንም ለህጻን ያስፈራል አይደል? ልጆች አፈር ይበላሉ

ውሃ_ሰው
በጣም እንጂ። ሴኔጋል ዳካር ዳር ያለ ሰፈር ውስጥ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ እርሳስ ሲያወጡ ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባለው ጥቂት ወር 18 ህጻናት ሞተዋል። ናፍጣን ባክቴሪያ ይበላልሃል፣ እርሳስን ግን ማንም አይበላልህም፣ ወይ ታነሳዋለህ ወይ ትሸፍነዋለህ።

ጋሽ_መካኒክ
ልጆች እንደምን ናችሁ። እዚህ ነገር መጻፍ አልለመድኩም የልጄ ልጅ ነው ያስገባኝ። ያ ግቢ በስተጀርባው የቆርቆሮ አጥር የነበረው፣ ዘይቱና ያለበት ከሆነ አውቀዋለሁ፣ እዛ ስድስት አመት ሰርቻለሁ። ነዳጅ መቅጃው ሁለት ታንክ ነው የነበረው። አንዱ የናፍጣ፣ በሩ አጠገብ፣ እሱ ግቢው ሲዘጋ ወጥቶ ተሽጧል አይቻለሁ። ሁለተኛው ግን አነስተኛ ነው የቤንዚን፣ ዘይቱናው ስር። እሱ ከመዘጋቱም በፊት ይጎድል ነበር። ማታ እንለካለን ጠዋት እንለካለን፣ አይገጥምም። ዘበኛው ሰረቀ ተብሎ ተባረረ። አላህ ይቅር ይበለን ያ ሰው ሲምል ነበር። ሁለተኛው ሲወጣ አላየሁም።

የጂረን_ልጅ
ጋሼ ዘይቱና አለ! ጉቶው አለ፣ ቆርጠውታል። ከእማማ አጥር አራት ሜትር አይሞላም።

ቡናዬ_በጨው
ዘበኛው አሳዘነኝ ባካችሁ

የጂረን_ልጅ
ሰዎች ይቅርታ ጠፍቼ ከረምኩ፣ ሶስት ሳምንት ሆነኝ። ረጅም ፌሮ አሹለን ከጉቶው ዙሪያ በየግማሽ ሜትሩ እየወጋን ስንፈልግ ሰባተኛው ላይ «ዷ» አለ። ልቤ ነው የመታው። ጋሽ መካኒክ ራሳቸው በባጃጅ መጥተው ቆመው ነበር፣ ድምጹን ሲሰሙ ዝም ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ኮንትራክተሩ ላሜራ ቆራጭ ልጥራ ሲል ውሃ ሰውን ደወልኩለት (በውስጥ መስመር ስልክ ተለዋውጠን ነበር)።

ውሃ_ሰው
ባዶ ሚመስል የነዳጅ ታንክ ከሙሉው ይበልጥ ይፈነዳል። ሙሉው ውስጥ አየር የለም፣ ባዶው ውስጥ ግን ትነትና አየር ተደባልቆ ብልጭታ ነው ሚጠብቀው። በርሜል በብየዳ ሲቆርጥ የሞተ ሰው ያላወቀ የጅማ ጋራዥ ያለ አይመስለኝም። የቀረውን ፈሳሽ ብልጭታ በማይፈጥር የእጅ ፓምፕ ቀድተው፣ ውስጡን በደረቅ በረዶ ትነቱን አስወጥተው፣ ለክተው ነው ያነሱት። እሳት አደጋ ሰዎች ቆመው ነበር። ገንዘብ ወጣ፣ ግን ሰው በህይወት አለ።

የጂረን_ልጅ
ታንኩ ስሩ ላይ አምስት ቦታ በልቶታል፣ ትንሿ ጣቴ ምትገባበት ቀዳዳ። የላቡም መጣ። እማማ ጉድጓድ ቤንዘን 62 ነው ወሰኑ 10 እያለ። እርሳስ ውሃው ላይ የለም ማለት ይቻላል፣ ባትሪ ይሞላ የነበረበት ጥግ አፈሩ ላይ ግን አለ። ለእማማ ከኔ ቆጣሪ መስመር ስቤላቸዋለሁ። ጉድጓዱን በክዳን ዘግተን ቆለፍነው፣ ቁልፉን አልሰጥም ብለው ተጣላን ከዛ ሰጡኝ።

አሁን ክምር አፈር አለኝ። ቦዬ አይሄድም ተባብለናል። ምን ይደረግ?

ውሃ_ሰው
የባትሪውን ጥግ አፈር ለብቻ፣ አትደባልቀው፣ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ጠቅልለህ ይቀመጥ፣ እሱ በዚህ መንገድ አይታከምም። ሌላውን ግን ለማከም እንደ ጅማ የሚመች ቦታ የለም፣ ሙቀት አለ፣ እርጥበት አለ። ከታች ወፍራም ላስቲክ አንጥፍ፣ ዳሩን አንሳው ፍሳሹ እንዳይወጣ፣ ከላይ ጣሪያ ወይ ሸራ። ክምሩ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥ። ጭቃው አየር አያስገባም ስለዚ የቡና ገለባ ደባልቅበት፣ አንድ አምስተኛ ገደማ፣ ግን ትኩሱን አይደለም፣ ከርሞ የበሰበሰውን፣ ትኩስ ገለባ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ለራሱ ይወስድብሃል። ባክቴሪያዎቹ እንደኛ ናቸው፣ ዘይት ብቻውን አይበላም። ለ100 እጅ ካርቦን 10 ናይትሮጅን 1 ፎስፈረስ ነው ልማዱ፣ ዩሪያና ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ስሌቱን የላብ ውጤቱን አይቼ እሰራልሃለሁ ከመሬት ተነስተህ አትበትን ያቃጥላቸዋል። የጅማ አፈር ኮምጣጣ ነው፣ የግብርና ኖራ ትንሽ ያስፈልገዋል። እርጥበቱ ጨብጠኸው እጅህን የሚያረጥብ ግን የማይንጠባጠብ። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጠው፣ ወሩን ሳይሆን ወራትን አስብ። ቤንዚኑ መጀመሪያ ስታገላብጥ ስለሚተን ንፋሱ ወደ እማማ ቤት ሲሆን አትንካው።

ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን በእጅ እየቀዱ ማንሳት ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይረበሽ። ከዛ በየሶስት ወሩ መለካት።

ቤቱንም ስትሰራ ከወለሉ ስር ጠጠር አንጥፈህ የተቦረቦረ ቱቦ አስቀምጥበትና ከጣሪያ በላይ አውጣው፣ በላዩ ወፍራም ላስቲክ ስፌቱ የተያያዘ። ያለዚያ የቀረው ትነት በወለሉ ስንጥቅ መኝታ ቤት ይገባል። ኮንክሪት ሽታ ያጠፋል ላለው ሰውዬ ሰላም በሉልኝ።

ሲያትል_ያለው_ጅሜ
ይሄ ሁሉ ወጪ ግን ለምን የገዛው ሰው ላይ? ህጉ በካይ ይክፈል አይልም እንዴ

ውሃ_ሰው
ይላል እንጂ። የ1995ቱ (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ሰው ያጽዳ ወይ የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ግን የጋራዡ ባለቤት ሞቷል ልጆቹ ውጭ ናቸው ሻጩ «መጋዘን ነው ያልኩት» ይላል። አዋጁ ሰውየውን ፈልጎ አያመጣልህም። ወረቀትህን ግን ያዝ፣ ፎቶውን የላቡን የታንኩን።

የጂረን_ልጅ
አምስተኛ ወር። ክምሩ ሽታው አሁን ናፍጣ ሳይሆን ጫካ ውስጥ ያለ እርጥብ ቅጠል ነው፣ ስትቆፍረው መሃሉ ትንሽ ይሸታል። ዳር ዳሩን አረም በቅሎበታል። ሁለት ጣት የነበረው ቡናማ ነገር ልባስ ሆኗል። የእማማ ጉድጓድ ከ62 ወደ 31 ወርዷል፣ አሁንም ተቆልፏል፣ በየሳምንቱ ቁልፉን ይጠይቁኛል። ጋሽ መካኒክ ያን ዘበኛ እያፈላለጉ ነው፣ አጋሮ ነው ያለው ብለዋቸው ሁለት ጊዜ ሄደው አላገኙትም።

ዶማና_አካፋ
በርታ ወንድሜ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የታንኩ ጉድጓድ ክፍት ነው አይደል አሁንም? ለሴፕቲክ እንጠቀምበት፣ የቁፋሮ ይቀንስልሃል

ውሃ_ሰው
በፍጹም!!

ፈቲያ_ከቦሳ
ይሄ ሰውዬ ግን😂😂